በሊትር ስንት ይሄዳል?

ከካልያንጋንጅ ከተማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በሻይ ቤቱና በመድኃኒት መደብሩ መሃል፣ የሙራርካ የሞተር ሳይክል መሸጫ አለ። ትሪሎኪ ፕራሳድ እዚያ ሻጭ ሆኖ የገባው ጸጉሩ ሙሉ ሳለ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ አሁን ግንባሩ አናቱ ላይ ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት አንዲት ጥያቄ ሳይሰማ የዋለበት ቀን የለም። ገበሬው ይጠይቀዋል፣ አስተማሪው ይጠይቀዋል፣ ለአማቹ ስጦታ ሊገዛ የመጣው አባት ይጠይቀዋል። ገና ከደጅ ሳሉ፣ ጫማቸውን ሳያራግፉ፣ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ይሉታል።

«ሰባ ኪሎ ሜትር። ነዳጅ ሲሰጡ እጅዎን ቆጠብ ካደረጉ ሰባ አምስት።»

ከዚያ በኋላ የሚለውን ማንም አያቋርጠውም። ሞተሩ ዘጠና ሰባት ሲሲ፣ ጉልበቱ የስምንት ፈረስ፣ ማርሹ አራት። ክብደቱ መቶ አሥር ኪሎ ብቻ፤ ጭቃ ውስጥ ቢገባ አንድ ሰው ጎትቶ ያወጣዋል። የነዳጅ ሰልባትዮው ዘጠኝ ሊትር ተኩል ይይዛል፤ አንዴ ከተሞላ ለአስተማሪ አሥራ አምስት ቀን ይበቃዋል። መቀመጫው ከመሬት ሰማንያ ሴንቲ ነው፤ አጭር ሰውም ቢሆን ሁለት እግሩ ይረግጣል። ከሆዱ እስከ መሬት አሥራ ስድስት ሴንቲ ተኩል ነውና የመንደር ጉድጓድ አይነካውም። ባትሪው ቢደክም በእግር ተረግጦ ይነሳል። መቀመጫው ረጅም ነው። ይህን ሲል በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ ገዢውም በልቡ ሚስቱንና ልጆቹን ተራ በተራ እያስቀመጠ ፈገግ ይላል።

ይህን ሁሉ እንደ ጸሎት በቃሉ የያዘው ሰው ግን ጭንቀታም ነበር። የቤቱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳይነካካ አይወጣም። ልጁ ሙኒ ስታስነጥስ ሙቀቷን ይለካል። የራሱን አሮጌ ሞተር በሰዓት ከሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶት አያውቅም። ሚስቱ ሻርዳ ከኋላው ተቀምጣ ገበያ ስትሄድ፣ «የሙኒ አባት፣ ባለጋሪው ቢቀድመን ግድ የለኝም። በሬው ዞሮ ሲያየን ነው የማፍረው» ትለዋለች።

የፍርሃቱ ምንጭ የመኝታ ቅዠት አልነበረም፤ እውቀት ነው። ከዓመታት በፊት ፋብሪካው ሻጮቹን ፓትና ከተማ ጠርቶ ሲያሠለጥን፣ አንድ መሐንዲስ በሰፊ ሜዳ ላይ ኖራ አስምሮ ሞተሩን እየነዳ አሳይቷቸው ነበር። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የፊት ጎማው ላይ ሳህን የመሰለ ዲስክ ፍሬን ያለው ነው። ሁለተኛውና ርካሹ ፍሬኑ በጎማው እምብርት ውስጥ የተደፈነ፣ ታምቡር የሚባለው ነው። አንድ ሰው ሲነዳው፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ ሁለቱም ደህና ይቆማሉ። ሦስት ሰው ሲጫን፣ መንገዱም ሲረጥብ፣ ባለታምቡሩ መሥመሩን አልፎ፣ ሁለተኛውን መሥመርም አልፎ፣ ሠልጣኞቹ ከቆሙበት ደረሰ። ሁሉም እየሳቁ ዘለው ሸሹ። ትሪሎኪ አልሳቀም።

ካልያንጋንጅ ሲመለስ ያየውን ለአሠሪው ነገረው። ሙራርካ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሠራተኞቹ በበዓል ልብስ የሚያለብስ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ «ወንድሜ፣ በሠርግ ቤት ሞት አይነሳም። ከጠየቁህ መልስ፤ ካልጠየቁህ ዝም በል» አለው። የሚጠይቅ ደግሞ አልነበረም። ሰው ሁሉ ስንት እንደሚሄድ እንጂ እንዴት እንደሚቆም ጠይቆ አያውቅም።

ሃርኬሽ ማህቶ እስኪመጣ ድረስ።

ቀኑ የዳንቴራስ በዓል ነበር፤ ብረት የገዛ በረከት ይገባለታል የሚባልበት፣ ለትሪሎኪም ምሳ የማይበላበት ቀን። በዚያ አንድ ቀን ስልሳ አንድ ሞተር ወጣ። ካህኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሯሯጠ ቀይ ምልክት ይቀባል፣ ኮኮናት ይሰበራል፣ ከጎማ ሥር የተቀመጠ ሎሚ ይፈርጣል። በዚህ ግርግር መሃል ከባይሪያ መንደር የመጣው ልብስ ሰፊ ሃርኬሽ ከሚስቱ ከፉልማቲና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ገባ። ቀጭን፣ አንገቱ ላይ የሚለካበትን ሜትር ረስቶ የመጣ ሰው ነበር።

ሃርኬሽ ሁለቱን ሞተሮች ጎን ለጎን አቁሞ አያቸው። ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማቸውን አስተያየ። «ጋሼ ትሪሎኪ፣ ይሄኛው ሳህን አለው፣ ያኛው የለውም። ልዩነቱ ምንድነው?» ሲል ጠየቀ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ጠየቀው። ባለዲስኩ ግን ጠዋት አልቋል፤ የቆመው ለማሳያ ነው። ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በዳንቴራስ ቀን ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው መሸጫ ይገባል። ሙራርካ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ያየዋል። ከኋላ ሰባት ሰው ተሰልፏል።

«ፍሬን ፍሬን ነው ወንድሜ» አለው ትሪሎኪ። «ሁለቱም ያቆማሉ። ሳህኑ ለመልክ ነው።»

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ሃርኬሽ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ጥቂት ቆይቶ ትሪሎኪ በመስታወቱ በኩል ሲሄዱ አያቸው። ትንሿ ልጅ ሰልባትዮው ላይ፣ ሃርኬሽ፣ ትልቋ ልጅ፣ ከኋላ ፉልማቲ በጎን ተቀምጣ። መሪው ላይ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ተጠምጥሟል። የፉልማቲ ሳሪ ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ተንጠልጥሎ ነበርና ትሪሎኪ ወደ ውጭ ሮጦ፣ «እህቴ፣ ልብስሽን ሰብስቢ!» ብሎ ጮኸ። ሰበሰበች። በአውቶቡሱና በበሬ ጋሪው መሃል ገብተው ጠፉ። እሱም ተመልሶ ለሚቀጥለው ሰው ስንት እንደሚሄድ ነገረው።

ያን ቀን የዋሸው ውሸት ሆዱ ውስጥ እንደ ጠጠር ተቀመጠ። አዲስ ሞተር በወሩ፣ ወይም ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ለነፃ ምርመራ መምጣት አለበት። ትሪሎኪ ሃርኬሽ ሲመጣ ለብቻው ወስዶ ሊነግረው፣ ፍሬኑንም በእጁ ሊያጠብቅለት ቆረጠ። በዳንቴራስ የገዙት አንድ በአንድ መጡ። አስተማሪው መጣ፣ ባለመድኃኒቱ መጣ፣ ባለዘይት መጭመቂያው መጣ። ልብስ ሰፊው አልመጣም። ትሪሎኪ በየማለዳው የጋራዡን መዝገብ ይገልጣል። ይደውልለታል፤ አይነሳም። በሳምንቱ ሲደውል ጭራሽ ቁጥሩ የለም አለው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጭጋጉ ወረደ። በዚያ አገር ጭጋግ ሲወርድ ቀኑ የሚነጋው ለይስሙላ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰው የራሱን እጅ ዘርግቶ ጣቶቹን አያይም። አስፋልቱ ዝናብ ሳይዘንብ ይረጥባል። ያ ወቅት ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ወቅት ነው፤ ትራክተሮች አገዳ የተከመረበትን ተሳቢ እየጎተቱ ወደ ስኳር ፋብሪካው ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው መብራት የላቸውም፤ ሲበላሹም እዚያው መሃል መንገድ ይቆማሉ። ትሪሎኪ ቁርሱን የሽምብራ በሶ በሽንኩርትና በቃሪያ አቡክቶ ይጀምርና ይተወዋል። ሻርዳ ምን ሆንክ ስትለው ሆዴን ነው ይላታል። ውሸት አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ሻጩ ላላን ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ ትሪሎኪ፣ ሰምተዋል? የቦዩ ድልድይ ላይ አንድ ሞተር የአገዳ ተሳቢ ሥር ገባ አሉ።»

«መቼ?»

«አሁን ጎሕ ሲቀድ። አዲስ ነው አሉ፤ የዳንቴራስ አበባው እንኳ መሪው ላይ ደርቆ አልወለቀም። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው።»

«ከየት የመጡ ናቸው?»

ላላን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ከባይሪያ በኩል ነው ያሉት።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ትሪሎኪ ሻዩን አልነካም። ለሙራርካ ምን ብሎት እንደወጣ ኋላ ሊያስታውሰው አልቻለም። ሙራርካ ግን ከኋላው፣ በዚህ ጭጋግ ሰው ሁሉ ይጋጫል፣ አንተ ሄደህ ምን ልትፈይድ ነው እያለ ነበር። ትሪሎኪ ሄልሜቱን አስሮ ሞተሩን አስነሣ።

ባይሪያ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። የሞተሩ የፊት መብራት ሠላሳ አምስት ዋት ነው፤ ይህንንም ለሺህ ሰው ነግሯል። በጭጋግ ውስጥ ግን ያ መብራት የሚያሳየው መንገድ አልነበረም፤ ነጭ ግድግዳ ነው። ግድግዳው አብሮት ይሄዳል። ፊት ለፊቱ ድምፅ በሰማ ቁጥር እግሩ ፍሬኑ ላይ ይሄዳል፤ ጎማው እርጥቡ ላይ ሸርተት ሲል ልቡ አብሮ ይሸራተታል። ሃያ ላይ ነው የሚነዳው፤ ሃያ እንኳ በዛበት። በመንገዱ ሁሉ አራቱን ሰዎች በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ያያቸው ነበር። ከፊት የነበረችው ትንሿ ናት። ምንም ነገር ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወረደ። ትራክተሩ ተነሥቶ ሄዷል። የተበተነ አገዳ፣ የተፈጨ መስታወት፣ ዘይት። ከድልድዩ ድንጋይ ሥር አንዲት የሕፃን የሱፍ ቆብ ወድቃለች። አንድ ሽማግሌ የወዳደቀውን አገዳ እየሰበሰበ ያስር ነበር።

«አባባ፣ ሰዎቹስ?» አለው ትሪሎኪ።

«ሆስፒታል ወሰዷቸው።»

«ስንት ነበሩ?»

«ማን ቆጠረ ልጄ? ጭጋግ ነው፤ ጩኸት ነው። ሰውየው ድምፅ የለውም ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ሰምቻለሁ፤ የሚያለቅስ ደህና ነው።» ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። «ዘመድ ነህ?»

«የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ» አለው ትሪሎኪ።

ከድልድዩ ወደ ግራ ቢሄድ ሆስፒታሉ ነው፤ ወደ ቀኝ ባይሪያ። ሆስፒታል ገብቶ አልጋ ላይ የሚያየውን ፈራ። ቤታቸው ሄዶ ከጎረቤት መስማት የቀለለ መሰለውና ወደ ቀኝ ታጠፈ። መንደሩ ሲገባ ሰው አይታይም። ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ሄደ። አንድ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት። ውሻ። በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ ሲያንቋርር። ከዚያ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ታካ ታካ ታካ የሚል የስፌት መኪና ድምፅ ሰማ።

ሞተሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ፉልማቲ እዚያ አገኘችው። መጀመሪያ ሰካራም መሰላት፤ ኋላ ለየችውና ባሏን ጠራች። ሃርኬሽ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ ወጣ። ሁለቱ ሴት ልጆች ከኋላው ብቅ አሉ። አዲሱ ሞተር ጥግ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል።

አስገብተው አስቀመጡት፣ ሻይ ሰጡት። ስልኩን ለምን እንደማያነሳ ሲጠይቀው፣ ቀፎው ቦይ ውስጥ ወድቆበት ቁጥሩን መቀየሩን ነገረው። ለምርመራው ለምን እንዳልመጣ ሲጠይቀው ደግሞ የሁለት ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እንደተቆለለበት አሳየው። ትሪሎኪ ሻዩን አስቀመጠ።

«ሃርኬሽ፣ ያን ዕለት ጠይቀኸኝ ነበር። ሳህኑ ለመልክ ነው አልኩህ። ለመልክ አይደለም። አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ያኛው ፍሬን ቶሎ አያቆምም። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ።»

ሃርኬሽ መርፌውን ከአፉ አወጣ። «አውቄዋለሁ እኮ ጋሼ። ያን ዕለት ከከተማ ወጥተን ብዙ ሳንሄድ ፍየል ገባችብን። ብረግጥ፣ ብጨብጥ፣ ሞተሩ ይሄዳል። ፍየሏ ናት ያዘነችልንና ዘላ የወጣችው። ፉልማቲ እዚያው ወረደች፤ ልጆቹን ይዛ በባጃጅ ነው ቤት የገባችው። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የምሄድበት።»

«ታዲያ መጥተህ ለምን አልሰደብከኝም?»

«ለመስደብ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር? ነዳጁንስ ማን ይከፍለኛል?»

ፉልማቲ ግን አልሳቀችም። ከበሩ ጋ ቆማ፣ «እሱ ይቀልዳል» አለች። «እኔ ያን ቀን ረግሜዎታለሁ ወንድሜ። ዛሬ ስለመጡ ልተወው።»

ትሪሎኪ ከዚያ ቤት ሲወጣ ከትከሻው ላይ ጆንያ የወረደለት ያህል ነበር። ጭጋጉም ሳሳ ያለ መሰለው። ወደ ሥራው እየተመለሰ፣ በድልድዩ አጠገብ ባለው የፖሊስ ኬላ ሲያልፍ ነው የተጋጨውን ሞተር ያየው። በር ላይ አጋድመውታል። ማለፍ ይችል ነበር። ሊያይ ቆመ።

የፊት ጎማው እንደ ቂጣ ታጥፏል። መሪው ላይ የደረቀ አበባ አለ። ጎማው እምብርት ላይ ሳህን የለም። ከታርጋው ሥር የሙራርካ መሸጫ ስም፣ መቀመጫው ላይ ደግሞ በዳንቴራስ ቀን ለገዢ ሁሉ በነፃ የሰጡት ሰማያዊ ልባስ። ከስልሳ አንዱ አንዱ ነው። ትሪሎኪ የማን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ የአንድም ሰው ፊት አልመጣለትም። ለአንድ ወር ተኩል የተጨነቀው ለጠየቀው ሰው ነበር፤ ያልጠየቁትን ስልሳውን አንድ ቀን እንኳ አስቧቸው አያውቅም።

የኬላው ፖሊስ ነጂው ሙስታኪም እንደሚባል ነገረው፤ የሠርግ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ነው። ከእህቱና ከእህቱ ሕፃን ጋር ነበር። ሰፈሩ ከባይሪያ በታች ነው። ነፍስ አልጠፋም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ብርድ ልብስ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ሙስታኪም ከመስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ የቀኝ ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰብሮ እግሩ ጡብ በተንጠለጠለበት ገመድ ተወጥሯል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እህቱ ሻብናም ቅንድቧ ላይ ተሰፍታ፣ ጤነኛውን ሕፃን በሻሏ አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ትሪሎኪ ከግርጌ ቆሞ ምን እንደሚል ሳያውቅ፣ በሽተኛው ቀድሞ አወቀው።

«ጋሼ ትሪሎኪ!» አለ ደከም ባለ ድምፅ። ለእህቱም ዞሮ፣ «የነገርኩሽ ሰው ነው። ጥሩምባዬን ከኋላ እንዴት እንደማስር ያሳየኝ እሱ ነው» አላት። ከዚያም ማንም ከመሸጫው ይመጣል ብሎ እንዳላሰበ ነግሮ አላህ ይስጥልኝ አለው፤ ሠርግ ሁሉ በጎመራበት ሰሞን መተኛቱ ብቻ እንደሚቆጨው ነገረው። ትሪሎኪ ገመድ ያሰረበትን ጥሩምባም ሆነ ባለጥሩምባውን አላስታወሰም። አስታውሳለሁ ብሎ ሊዋሽ ነበር፤ ምላሱን ያዘው።

ሻብናም ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ያውቃሉና ልጠይቅዎት» አለች። «ተሳቢውን ሳንደርስበት አይተነዋል፤ ያን ያህል ሩቅ ባይሆንም አይተነዋል። ወንድሜ ረግጧል። እኔ ከኋላ ሆኜ ሲረግጥ ተሰምቶኛል። አልቆመም። እሱ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘግይቼ ነው የረገጥኩት እያለ ከጠዋት ጀምሮ ያለቅሳል። እውነት ዘግይቶ ነው?»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ያስላል። ሙስታኪም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ትሪሎኪ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል ቢል ማንም አይከሰውም፤ ጭጋጉም አለ፣ መብራት የሌለው ተሳቢም አለ።

«እዚያ አልነበርኩም፤ ዘግይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለ። «የማውቀውን ልንገራችሁ። ያ ፍሬን ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። ሰው ሲደረብ፣ መንገድ ሲረጥብ፣ ለመቆም ያንኑ መንገድ እጥፍ ይፈልጋል። በዓይኔ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ስሸጥለት አልነገርኩትም።»

ሻብናም ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ሙስታኪም ፊቱን ሳይመልስ፣ «ቢነግሩኝም እገዛው ነበር» አለ። «አቅሜ እሱ ነው። ግን እሷን ከነልጇ በባጃጅ እልካት ነበር።»

ትሪሎኪ ከበድ ያለ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከሌላው ሠራተኛ ቀድሞ መጣ። ከመሸጫው ጓሮ ያለውን የሲሚንቶ ሜዳ ጠረገ፣ በኖራ መሥመር አሰመረ፣ ከሙራርካ አዲስ ቤት ግንባታ ሁለት ጆንያ አሸዋ አምጥቶ ለመሞከሪያ ከቆሙት ሁለት ባለታምቡር ሞተሮች በአንዱ መቀመጫ ላይ አሰረ። የመጀመሪያው ገዢ፣ የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ስንት ይሄዳል ሲለው፣ «ሰባ። አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚቆም ይዩ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደው። ሜዳው ላይ ውሃ ደፋበት። ባዶውን ይንዱና መሥመሩ ላይ ያቁሙ አለው፤ አቆመ። ባለአሸዋውን ይንዱና ያቁሙ አለው። ሰውየው መሥመሩን አልፎ ከጓሮው የቃሪያ መደብ ላይ ወጣ። ወርዶ ጆንያዎቹን አያቸው፣ ሞተሩን አየው፣ «እኒህ ሚስቴና ልጆቼ ናቸው ማለትህ ነው?» አለው።

«አዎ።»

ሳይገዛ ሄደ። የዚያን ቀን ሌሎች ሁለት ሳይገዙ ሄዱ። ሙራርካ ነገሩን በሦስተኛው ቀን ሲደርስበት ከጠረጴዛው ተነሥቶ ጓሮ ድረስ መጣ፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አሸዋዬ የገዛ ዕቃዬን ታስጠላብኛለህ ብሎ ተቆጣ። ትሪሎኪ ከሥራ ቢያስወጣኝስ፣ የሙኒ ትምህርትስ እያለ በልቡ እየፈራ፣ የኬላውን ሞተር ሄዶ እንዲያየው ለመነው። ከታርጋው ሥር ያለው ስም የእርስዎ ነው አለው። ሙራርካ አልሄደም። ትሪሎኪን ግን ወደ መለዋወጫ ክፍል አዛወረው፤ ሁለት ወር የሞተር ካንዴላና የጎማ ካላማዳሪያ ሲቆጥር ቆየ።

ሻርዳ ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ጠብ ይነሣል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን አዳምጣ ስትጨርስ፣ እኔ ሆድህን ነው ብዬ ስንት የዝንጅብል ውሃ አፈላሁ አለችና ሄዳ በሶውን አቡክታ አመጣችለት። ያን ቀን ጨርሶ በላ።

መለዋወጫ ክፍልም ሰው መጠየቁን አልተወም። ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ወደ እሱ መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ የትኛው ይሻለኛል ይላል፤ እሱም ስንት ሆነው እንደሚሄዱ ይጠይቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ ባለዲስኩ ከባለታምቡሩ ይበልጥ መሸጥ ጀመረ፤ ትርፉም የተሻለ ነበር። ሙራርካ አንድ ጠዋት ምክንያቱን ሳይናገር ወደ መሸጫ አዳራሹ እንዲመለስ ነገረው። ስለ ጆንያዎቹ አላመሰገነውም፣ አልከለከለውምም። ጆንያዎቹ ብቻ ከመንገድ ከሚታዩበት ተነሥተው ወደ ግድግዳው ጥግ እንዲጠጉ አዘዘ።

ግንቦት ላይ፣ ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ሲሞቅ፣ አንድ ሙሽራ በፈረስ ሆኖ ከባንዱ ጋር በጣቢያው መንገድ አለፈ። ባንዱ ቀይ ለብሷል። ሙስታኪም ከሌሎቹ ጋር አይራመድም፤ ድምፅ ማጉያው ከተጫነበት ጋሪ ላይ ወንበር አድርገውለት፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ፣ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይነፋ ነበር። ጉንጩ ተወጥሮ ዓይኑ ተጨፍኗል። ትሪሎኪ ከደጅ ቆሞ አየው። ሰላም ሊለው እጁን አነሣና፣ ዓይኑን ስላልገለጠ መልሶ አወረደው።

ከባንዱ ኋላ የሙሽራው ዘመዶች በሞተር ይከተላሉ። ሁለት ሆነው፣ ሦስት ሆነው፣ አንዳንዱ ላይ አራት፤ ሕፃናት ሰልባትዮ ላይ፣ የሴቶች ሳሪ በነፋስ። ግማሾቹን የሸጠላቸው እሱ ነው። የባቡር ሐዲድ ማቋረጫው መዝጊያ ወደ ታች መውረድ ስለጀመረ ሁሉም ለማለፍ ይጣደፋሉ። መሸጫው ውስጥ አንድ ገዢ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ትሪሎኪ «አንድ ጊዜ» ብሎት፣ የመጨረሻው ሞተር ሐዲዱን ተሻግሮ እስኪያልፍ ድረስ ከደጁ አልተነቃነቀም።